የሰንጠረዥ ጨዋታና የተረፈው ደንቡ

በማኅበራችን መጽሔት ከሚወጡት የሙያ ጽሑፎች መካከል «ሰንጠረዥ 1»፥ «ሰንጠረዥ 2» የሚል መግለጫ የሌለበትን ማግኘት ያስቸግራል። የአፈር ምርመራው ውጤት፥ የአርማታ ብረቱ መጠን፥ የዝናቡ ልኬት ሁሉ በሰንጠረዥ ተሰድሮ ይቀርባል። ይህን ቃል በየቀኑ የምንጽፍ መሐንዲሶች ግን ቃሉ ከቢሮ ጠረጴዛ ሳይሆን ከመኳንንት እልፍኝ የመጣ መሆኑን እምብዛም አናስበውም። ሰንጠረዥ የቁጥር ማስፈሪያ ከመሆኑ በፊት የጦር ስልት ጨዋታ ነበር። ስምንት በስምንት ሆኖ በተሰመረ ጨርቅ ላይ ሁለት ነገሥታት ሠራዊታቸውን አሰልፈው ይዋጉበት ነበር። ጨዋታው ከአደባባይ ከጠፋ በኋላ ቃሉ ባዶ ቤቶቹን ብቻ ይዞ ወደ እኛ ተሻገረ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጨዋታና ጨዋታውን በኮምፒዩተር አማካይነት መልሶ ለማስነሣት ስለሚደረገው ሙከራ ይናገራል። ነገሩ ለታሪክ አፍቃሪ ብቻ የሚተው እንዳይመስለን እሰጋለሁ። አንድ የተሠራ ነገር ሲጠፋ ከምን ተነሥቶ እንደገና ሊሠራ ይችላል የሚለው ጥያቄ የሙያችን ጥያቄ ነውና።

የሰንጠረዥ የዘር ሐረግ እንደሚታወቀው ከሕንድ ይነሣል። የሕንዶቹ ቻቱራንጋ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስም ወደ ዐረቦች ተሻግሮ ሻትራንጅ ተባለ፤ ወደ ሀገራችንም በዚያው ስም ገባ። አውሮፓውያን ከዚሁ ምንጭ የተቀበሉትን ጨዋታ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለወጡት። ንግሥቲቱና ጳጳሱ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ኀያላን የሆኑት ያን ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ግን የጥንቱ አካሄድ እንዳለ ቀጠለ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል በቤተ መንግሥታቸው ከነበረ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ በመጣ ጊዜ ራሱን ያገኛቸው በሰንጠረዥ ላይ ነው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ፥ ትላልቅና ሸካራ እንደ ነበሩ፥ ተጫዋቹም የባላጋራውን ጠጠር ሲወስድ በኀይል መትቶ ከቦታው ያስወግደው እንደ ነበር ሶልት መዝግቧል። ተመልካቹም እንደ ዛሬው የቼዝ ውድድር ትንፋሹን ውጦ የሚቀመጥ አልነበረም። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸው ጋር የሰንጠረዥ ተጫዋች እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል።

ወደ ደብረ ታቦር እንምጣ። ከተማይቱን በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ መርሶ ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ የሀገሪቱ እውነተኛ የሥልጣን ገበታ የነበረው ከጎንደር ቤተ መንግሥት ይልቅ በዚህ በጉና ተራራ ግርጌ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር በስም ተቀምጦ ሳለ ራሱ በደብረ ታቦር ይሾማል፥ ይሽራል። በሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ንጉሡ አንዲት ቤት ብቻ ሲራመድ ሌላው ሹም በዙሪያው የሚተራመስበትን አኳኋን ለሚያውቅ ሰው፥ የዘመነ መሳፍንት ፖለቲካ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ዋልተር ፕላውደን የተባለው እንግሊዛዊ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በእነዚህ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በተከታዩም ዓመት ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። በ1860 በጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች እጅ ቆስሎ እስኪሞት ድረስ ከሀገሩ መኳንንት ጋር ኖሯል። የተዋቸው ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ1868 በወንድሙ አሰናጅነት ታትመዋል፤ ስለ ሰንጠረዥ አጨዋወት ካሉን ጥንታዊ ምስክርነቶች አንዱም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ከእርሱ በኋላ ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1911 አሳተመ። ሃሮልድ መሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ታላቅ የቼዝ ታሪክ መጽሐፉ ለሀገራችን ጨዋታ ቦታ ሰጠው። በመጨረሻም ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የሰንጠረዥን ታሪክና ደንብ በአንድነት ሰብስበው አቀረቡ። እነዚህን አራት ሰዎች በስም የምጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዛሬ ጨዋታውን ለማስነሣት የሚነሣ ሰው በእጁ ያለው የእነርሱ ጽሑፍ ነው።

አሁን ስለ ደንቡ ጥቂት ልበል። ሰሌዳው እንደ አውሮፓው ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ በሰማያዊ ወይም በጥቁር መስመር የተከፋፈሉ፥ ሁሉም አንድ መልክ ያላቸው 64 ቤቶች ናቸው። በእያንዳንዱ ወገን 16 ጠጠሮች ይሰለፋሉ። ንጉሥ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል። ፈርዝ ከንጉሡ ጎን የሚቆም አማካሪ ሲሆን፥ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፥ ማለት ዝሆኑ፥ በሰያፍ ሁለተኛዋ ቤት ላይ ይዘላል፤ በመካከል ያለው ጠጠር አያግደውም። ፈረስ ዛሬ በቼዝ እንደምናውቀው ነው። ደር በቀጥታ መስመር እስከ ፈለገበት ይሮጣል። መደቅ፥ ማለት እግረኛው፥ አንድ አንድ ቤት ወደ ፊት እየሄደ በሰያፍ ይወስዳል፤ በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት መዝለል የሚባለው የአውሮፓውያን ፈሊጥ የለበትም።

ከእነዚህ ሁሉ መሐንዲስን የሚያስደስተው ፊሉ ነው። በወረቀት ላይ አስቀምጦ ለቆጠረው ሰው፥ አንድ ፊል ዕድሜውን ሁሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጣቸው የሚችላቸው 8 ብቻ ናቸው። በሰሌዳው ላይ አራት ፊሎች አሉ፤ የአንዱ ስምንት ቤቶች ከሌላው ስምንት ቤቶች ጋር ፈጽሞ አይገናኙም። የአንድ ሰው ሁለት ፊሎች እንኳ እርስ በርስ መጠባበቅ አይችሉም። አራቱ ተደምረው የሰሌዳውን እኩሌታ ብቻ ይደርሳሉ። ቤቶቹ በቀለም ስላልተለዩ የትኛው ቤት የየትኛው ፊል እንደ ሆነ ተጫዋቹ በልቡ መያዝ አለበት።

ይህ ስሌት አንድን የክብር ደንብ ይፈታልናል። መዛግብቱ እንደሚሉት የባላጋራን ንጉሥ መውጫ አሳጥቶ መማረክ ብቻውን አያስመሰግንም ነበር፤ ዋናው ነገር በምን ማረከው ነው። በደር ወይም በፈረስ የተማረከ ንጉሥ ለአሸናፊው እዚህ ግባ የሚባል ዝና አያመጣለትም። በፊል፥ በፈርዝ ወይም በመደቅ ሲሆን ግን ያስወድሳል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ጊዜ የመኳንንት ኩራት ብቻ መስሎ ታይቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ከስሌቱ ጋር የሚሄድ ነው። ደር 64ቱንም ቤቶች መድረስ ይችላል፤ ፊል 8ቱን ብቻ። በፊል ንጉሥ የማረከ ሰው ባላጋራውን እየነዳ ከእነዚያ ስምንት ቤቶች የአንዱ መዘዝ ወደሚደርስበት ማዕዘን ያመጣ ሰው ነው። ክብሩ የሚሰጠው ለችግሩ ልክ ነው። በተጨማሪም ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ባዶውን የቀረ ንጉሥ አይማረክም። አንድ ሹም ብቻ የቀረለት ንጉሥ ደግሞ ያ ሹም ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መማረክ አለበት። ስለዚህ ገፍቶ ገፍቶ የባላጋራውን ጠጠር በሙሉ የለቀመ ስግብግብ ድሉን በገዛ እጁ ያጣል።

የሰንጠረዥ ትልቁ ልዩነት ግን አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፥ እያንዳንዱ እንደ እጁ ፍጥነትና እንደ ልቡ ፈቃድ ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል፤ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል፤ ያስኬደውን ይመልሳል፤ እንደገና ያሰልፋል። ይህ ሁሉ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስከሚወስድ ድረስ ይቀጥላል። የመጀመሪያዋ ጠጠር በተወሰደች ቅጽበት ወረራው ያበቃል፥ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል። በዐረቦቹም ሆነ በአውሮፓውያኑ ጨዋታ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በደብረ ታቦር አካባቢ ለነበረ የጦር አለቃ ግን የዕለት ኑሮው መልክ ነበር። ሠራዊት በየኮረብታው ይሰፍራል፥ ሰፈር ይለውጣል፥ ይታያያል፤ አንዱ እስኪተኩስ ድረስ ማንም ተራ አይጠብቅም። ከተኩሱ በኋላ እንኳ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1842 በደብረ ታቦር በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ድል ነሥተው በማረኩት ሰፈር ለግብር ተቀምጠው ሳለ፥ የዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ድል አድራጊውን ከነድግሱ ማርከዋቸዋል። ሰንጠረዥ የሚጫወት ሕዝብ ይህን ሲሰማ የሚለው አያጣም።

ጨዋታው ለምን ጠፋ? በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ግድም፥ ወይም ብዙም ሳይቆይ፥ ሰንጠረዥ ሕያው ጨዋታ መሆኑን አቁሞ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤትና ዘመናዊ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ የአውሮፓው ቼዝ ከነመጽሐፉና ከነውድድሩ አብሮ ገባ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን አይመስለኝም። ባለፈው ክረምት ከፋርጣ ወገን የሆኑ አንድ አዛውንት ሰሌዳዬን አገላብጠው አይተው «ልጄ፥ ይህ የጌቶች ነው፤ የእኛ ገበጣ ነው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከመጽሐፍ አላገኘሁም። ሰንጠረዥ የተቀረጸ ጠጠር፥ የተሰመረ ጨርቅ፥ ረጅም ከሰዓት በኋላና ከበው የሚያዩ ባለሟሎች ይፈልጋል። እልፍኙ ሲፈርስ ጨዋታው ማረፊያ አጣ። ገበጣ ግን መሬት ላይ ጉድጓድና እፍኝ ጠጠር ይበቃዋል፤ ከብት ጠባቂ ልጅ ከሜዳ ላይ ያነሣዋል። ፓንክረስት በዚያው በ1963 ዓ.ም. ግድም ባሳተሙት ሌላ ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መመዝገብ የቻሉት የሚጫወት ሰው በየቦታው ስለ ነበረ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታዎች ጥቂት ማንሣት ያስፈልጋል። ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በኮምፒዩተር ላይ ከሚወደዱት ጨዋታዎች ብዙዎቹ የጦር ስልት ጨዋታዎች ናቸው። እነዚህን የሚሠሩ ኩባንያዎች ለገዢው የሚሰጡት ማሽኑ የሚያነበውን ፋይል እንጂ፥ ባለሙያዎቹ የጻፉትን፥ ሶርስ ኮድ የሚባለውን ምንጭ ጽሑፍ አይደለም። ኩባንያው ሲዘጋ ወይም ማሽኑ ሲለወጥ ጨዋታው ይሞታል። አፍቃሪዎቹም ምንጭ ጽሑፉ እንዲለቀቅላቸው ይለምናሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዋርዞን 2100 የታወቀ ምሳሌ ነው። የሠራው ድርጅት በተዘጋ በጥቂት ዓመት ውስጥ፥ አፍቃሪዎች ባቀረቡት ልመና መሠረት ምንጭ ጽሑፉ በታኅሣሥ 2004 ተለቀቀ፤ ማንም እንዲያየው፥ እንዲያሻሽለው፥ ያሻሻለውንም በዚያው ነጻነት እንዲያካፍል ተፈቀደ። ነገር ግን የጨዋታው ፊልምና ሙዚቃ አብሮ አልተፈቀደም ነበር፤ እርሱ እስከ 2008 ቆየ። ያም ሆኖ በጎ ፈቃደኞች ጨዋታውን ይዘው እስከ ዛሬ አኑረውታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ኮማንድ ኤንድ ኮንከር የተባለው ጨዋታ ምንጭ ጽሑፍም ከፊሉ በ2020፥ ቀሪውም ከሌሎች ተከታዮቹ ጋር በ2025 ተለቋል።

በእኛ በኩል ሰንጠረዥን የሚይዝ ኩባንያ የለም፤ የሚለመንም ባለ መብት የለም። ምንጭ ጽሑፉ ከላይ የጠቀስኋቸው ሰዎች የተዉት መዝገብ ነው፤ የተለቀቀውም ከብዙ ዘመን በፊት ነው። በዚህ ዕድለኞች መሆናችንን ለመረዳት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት መሄድ ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፊል ዋልድማየርንና ሞሪትዝ ሆልን የመሰሉ ሚሲዮናውያንን ከሀገሬው ሠራተኛ ጋር በዚያ አሰባስበው መድፍ አስቀልጠዋል። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው በጋፋት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፥ መንገዱንም እየጠረጉ ወደ መቅደላ ሄዱ። እርሳቸው በሚያዝያ በመቅደላ ሲሞቱ ባዕዳኑ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከሀገር ወጡ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ የቀለጠበት ሥራ ቤት ግን በጋፋት አልቀጠለም። የተሠራው ዕቃ ተረፈ፥ አሠራሩ ከሠሪው እጅ ጋር ሄደ። በሰንጠረዥ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጨዋታው ሞቶ አሠራሩ በጽሑፍ ቀረ። ለእንደ እኔ ያለ ሰው የሁለተኛው ዕጣ ይሻላል። መድፉን አይቶ መድፍ መሥራት አይቻልም፤ ደንብ አንብቦ ግን ሰሌዳ መዘርጋት ይቻላል።

በዓለም ላይ የቼዝ ዓይነቶችን የሚሰበስቡ አፍቃሪዎች የሰንጠረዥን ደንብ ሰብስበው በኢንተርኔት ካስቀመጡ ቆይተዋል። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ በትርፍ ጊዜያችን የጠጠሮቹን ስም በአማርኛ የያዘ ፕሮግራም በመጻፍ ላይ ነን። ምንጭ ጽሑፉን በነጻ ለመልቀቅ ከመጀመሪያው ተስማምተናል። ያልተስማማነው በወረራው ላይ ነው።

የችግሩን ጠባይ ላብራራ። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ማሽን ቼዝ እንዲጫወት የሚያስችለውን መንገድ በጽሑፍ ካቀረበ ጀምሮ፥ የቼዝ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ነው። ማሽኑ «እኔ ይህን ባደርግ እርሱ ምን ያደርጋል? እርሱ ያን ቢያደርግ እኔስ?» እያለ የእርምጃዎችን ዛፍ ይዘረጋል፤ የዛፉም እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ተራ ነው። የሰንጠረዥ ሁለተኛው ክፍል በዚህ መንገድ ያለ ችግር ይሠራል፤ እንዲያውም ፈርዙና ፊሉ ደካሞች ስለ ሆኑ ከቼዙ ይልቅ የሚቀልበት ጊዜ አለ። የክብሩ ደንብም አያስቸግርም። ንጉሡን የማረከው ጠጠር ማን እንደ ሆነ ማሽኑ ያውቃል፤ ለደር ዝቅ ያለ፥ ለፊል ከፍ ያለ ነጥብ መስጠት የጥቂት መስመር ሥራ ነው። ወረራው ግን ዛፉን ከሥሩ ይነቅለዋል። ተራ በሌለበት «ከዚያ በኋላ» የሚባል የለም። ማሽኑ በአንድ ሰከንድ ሺሕ ጊዜ ሊያሰልፍ ይችላል፤ የሰው እጅ ግን አንድ ጊዜ። ማሽኑን ምን ያህል እናዝግመው? ለዚህ በፕላውደን መጽሐፍ መልስ አይፈለግም።

በሁለት ሰዎች መካከል በመረብ ሲጫወቱትም ሌላ ችግር ይመጣል። ከደብረ ታቦር እስከ ዋሽንግተን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በብርሃን አስተላላፊ ሽቦ ውስጥ ምልክቱ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ምንም መዘግየት ባይኖር እንኳ ለመሄድ ብቻ 55 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፤ በተግባር ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በዚህ መካከል እዚህ ያለው ሰው መደቁን ከአደጋ ያሸሻል፥ እዚያ ያለው ሰው ያችኑ መደቅ ባየባት ቦታ ይወስዳል። ወረራው አበቃ ወይስ አላበቃም? በቀይ ጨርቅ ላይ ሁለት እጆች ቢጋጩ ከበው ያሉት ሰዎች ይፈርዳሉ። በመረብ ላይ ዳኛውን እኛው መጻፍ አለብን፤ ዳኛውም የሚፈርደው መልእክት በደረሰበት ቅደም ተከተል ከሆነ፥ ለማሽኑ የቀረበ ሁልጊዜ ይረታል።

በዚህ ምክንያት ከባልደረቦቼ አንዱ ወረራውን እንተወው ይላል። ጠጠሮቹ በመነሻ ረድፋቸው ይቁሙ፥ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ በተራ ይሁን፤ በስድስት ወር ውስጥ ሥራውን ለሕዝብ እናደርሳለን፤ ወረራው በኋላ ይጨመራል ባይ ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ያልተለቀቀ ፕሮግራም ማንንም አያስደስትም፤ በጎ ፈቃደኛም የሚመጣው ከተለቀቀ ሥራ ዘንድ ነው። የዋርዞን ታሪክም ለእርሱ ይመሰክርለታል፤ ሙዚቃው እስኪፈቀድ ቢጠበቅ ኖሮ አራት ዓመት በከንቱ ባለፈ ነበር።

እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ሙዚቃ ቢጎድል ጨዋታው ጨዋታ ነው፤ ወረራ ከጎደለ ግን የቀረው የዐረቦቹ ሻትራንጅ ነው። እርሱ ደግሞ በብዙ ሀገር በብዙ ሰው አስቀድሞ ተጽፏል፤ የአማርኛ ስም ስላለበስነው ሰንጠረዥ አይሆንም። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕያው ተጫዋች በሌለበት ጨዋታ፥ መጀመሪያ የሚሰራጨው ፕሮግራም እንደ እውነተኛው ይቆጠራል። ልጆች በስልካቸው የሚያገኙትን ይማራሉ፤ ከዚያ በኋላ ወረራ ብንጨምርላቸው ባዕድ ልማድ የጨመርን ይመስላቸዋል። እንደ ቼዝ ያለ በሺሕ መጽሐፍ የተመሰከረ ጨዋታ በአንድ ሰው ስሕተት አይጠፋም፤ በጥቂት ገጾች የቆመ ደንብ ግን በአንድ ምቹ ውሳኔ ሊለወጥ ይችላል።

መዝገቦቹ ራሳቸው በጥቃቅን ነገር ሁሉ አንድ ቃል አይናገሩም፤ መደቅ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ምን ሹመት ያገኛል የሚለውን የመሰለ ጥያቄ ፕሮግራም ጸሐፊው መወሰን አለበት። በዚህ ላይ ያደረግነው ተጫዋቹ ራሱ ከመጀመሩ በፊት እንዲመርጥ ነው፤ ከእያንዳንዱም ምርጫ አጠገብ ምስክሩ ማን እንደ ሆነ በአማርኛ ተጽፏል። በግንባታ ሥዕል ላይ ያልተለካውን በነጠብጣብ መስመር እንደምናሳየው ማለት ነው።

ስለ ወረራው ብዙ ከተከራከርን በኋላ ጨርቁን ዘርግተን በእጃችን መሞከር ጀመርን። ጠጠሮቹን አንድ የእንጨት ሠራተኛ ከወይራ ጠርቦልናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስታችንም ቼዝ የለመድን ስለ ሆንን አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው እጁን ሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። ይህ ልማድ እስኪለቀን ሳምንት ያህል ወሰደ። ከለቀቀን በኋላ ግን ከደንቡ ጽሑፍ ላይ ያላነበብነውን ነገር አየን። ወረራ የፍጥነት እሽቅድምድም አይደለም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለቱም እጆች ይዘገያሉ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ፊሎች እያየ የትኞቹን ስምንት ቤቶች እንደሚጠብቁ ይቆጥራል፤ አንዱ ያሰለፈውን ሌላው ካፈረሰው በኋላ ተመልሶ ያሰልፋል። የመጀመሪያዋን ጠጠር የሚወስደው የፈጠነው ሳይሆን አሰላለፌ ይበቃኛል ብሎ የቆረጠው ነው።

ይህ ምልከታ ለፕሮግራሙ በሩን ከፈተ። የእጅ ፍጥነት ዋና ነገር ካልሆነ፥ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን እጅ በአንድ ሰከንድ ከአንድ እርምጃ በላይ እንዳይፈቅድ ማድረግ ይቻላል። አንድ ሰከንድ ከ55 ሚሊሰከንድ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፤ የመረቡ መዘግየት ይዋጣል፥ ማሽኑም ከሰው ጋር በእኩል እጅ ይሰለፋል። ሁለት መልእክት በአንዱ ሰከንድ ውስጥ በአንዲት ጠጠር ላይ ከተጋጨ ሁለቱም ይሰረዛሉ፥ ወረራውም ይቀጥላል። የሚገርመው፥ ከእኛ ብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀው ዘመናዊዎቹን የጦር ስልት ጨዋታዎች የሚሠሩ ሰዎችም በሁለት ተጫዋቾች መካከል ተራ የሌለበትን ጦርነት ለማካሄድ ጊዜን እንዲሁ እየቆራረጡ በቁርጥራጩ ውስጥ የመጣውን ትእዛዝ ሁሉ አንድ ላይ ይፈርዱበታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዱን ሁለት የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ተራ የሌለው ጦርነት እንደ አዲስ ግኝት ተወድሶ ነበር። የሰንጠረዥ ተጫዋቾች ቢሰሙ ምን ይሉ እንደ ነበር አላውቅም፤ ራስ ዓሊ ግን ሳይስቁ የሚቀሩ አይመስለኝም።

ሥራው አሁን ከደረሰበት ደረጃ ሁለት ሰዎች በአንድ ስክሪን ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ከወረራ እስከ ምርኮ መጫወት ይችላሉ። በመረብ የሚካሄደው ክፍል የሰከንዱ ደንብ ተጽፎበት በመፈተሽ ላይ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚደረገው ገና ነው፤ ማሽኑ አሰላለፉ መቼ እንደሚበቃው ማወቅ አልቻለም፤ ወይ ወዲያው ይወስዳል፥ ወይ ለዘላለም ያሰልፋል። ባልደረባዬ ስድስት ወር ያለው አልፎ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ቅሬታውንም በየሳምንቱ ያሰማኛል። ምንጭ ጽሑፉ ሲለቀቅ የደንቡ ሙሉ ቃል በአማርኛ አብሮ ይለቀቃል፤ ጨርቁንም በቤቱ መሥራት ለሚፈልግ፥ ልኩ በየአቅጣጫው ስምንት ቤት፥ ቤቱም አራት ጣት ነው።